ዘውድ ያለበት ሁሉ የቤተ መንግሥት አይደለም

ሰሞኑን ስለ አሮጌ የእንግሊዝ ፒውተር (ብር መሳይ ቅይጥ ማዕድን) ኩባያዎች የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ፖርቶቤሎ ገበያ ባለ እጀታ የቢራ ኩባያ ገዛሁ። አራት ትንንሽ ማህተሞች ተደርድረውበታል። ሻጩ የብር ማህተም ነው አለኝ። ብር አለበት?» (ከለንደን)

የለበትም። ፒውተር አብዛኛው ቲን የሚባለው ማዕድን ነው። መዳብ፣ አንቲሞኒ፣ በድሮዎቹ ደግሞ እርሳስ ይገባበታል። ብር ላይ ማህተም የሚመታው ብሩ ተፈትኖ ነው። የእርስዎን አራቱን ግን ሠሪው ራሱ ነው የመታቸው፤ ብር እንዲመስልለት። የለንደን አንጥረኞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ ተናደው አቤት ብለው ነበር።

ቢሆንም አይናቋቸው። አንዳንዴ ከአራቱ በአንዱ ውስጥ የሠሪው ስም መነሻ ፊደላት ይገኛሉ። ዋናው ማህተም ግን ሌላ ነው፤ ሰፋ ያለ፣ ስም ወይም ሥዕል ያለበት። ኩባያውን ወደ መብራት ያዘንብሉና ውስጡን፣ ታች ወለሉን ይዩ። የለንደን ፒውተር ሠሪዎች ማህበር አባላት ማህተማቸውን ሰሌዳ ላይ መትተው ያስመዘግቡ ነበር። የቀድሞዎቹ ሰሌዳዎች በ1666ቱ የለንደን ታላቅ ቃጠሎ ጠፉ። ከዚያ ወዲህ የተመቱት አምስቱ እስከ ዛሬ አሉ። ማህተም የሚመሳከረው ከነሱ ጋር ነው።

«ከከንፈሩ ሥር ዘውድ፣ ‹ቪ አር› የሚል ፊደልና ቁጥር አለ። የቤተ መንግሥት ዕቃ ይሆን?»

ቢሆንማ ምንኛ ደስ ባለኝ! ፊደሎቹ የንግሥት ቪክቶሪያ ናቸው፤ ማህተሙን የመታው ግን የመስፈሪያ ተቆጣጣሪ ነው። ኩባያው የመጠጥ ቤት ነበር። ጠጪው ቢራ እንዳይጎድልበት ተለክቶ ነው ማህተም ያረፈበት። ከ1878ቱ ሕግ ወዲህ ቁጥሩ የተለካበትን አካባቢ ያመለክታል። ማን እንደሠራው አይናገርም።

ከዚህ የባሰው አሳሳች «ደብልዩ አር» ነው። ፊደሎቹ የንጉሥ ዊልያም 3ኛ ናቸው። እሱ የሞተው በ1702 ነው፤ ማህተሙ ግን ከሱ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመታ ኖሯል። በዚያ ብቻ ዕድሜ የሚቆርጥልዎት ሻጭ ካለ ዋጋውን ይከራከሩት።

«እጀታው ላይ ሦስት ፊደላት በሦስት ማዕዘን ተቀርጸዋል። ሠሪው ነው?»

ባለቤቶቹ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት፦ ከላይ የቤተሰቡ ስም፣ ከታች የሁለቱ።

«ጠጅ ብጠጣበትስ?»

ተዉ! እርሳስ አለበት ብለናል። መደርደሪያ ላይ ያምርበታል።

«ማህተሙ ደብዝዞ አልነበብ አለኝ። ላጽዳው?»

እንዳይፈገፍጉት። ስስ ወረቀት ያልብሱትና በመጻፊያ እርሳስ በስሱ ያጥቁሩት። ወረቀት ካልደረሰ ዱቄት ነስነስ አድርገው በጣትዎ ጠረግ ያድርጉ፤ ጎድጓዳው ውስጥ የቀረው ፊደሉን ያወጣዋል። እኔ የመጀመሪያ ኩባያዬን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አሸሁት። እንደ መስታወት አበራ። ከማህተሙ የተረፈኝ ግማሽ ዘውድ ነው።