የጋዝ ሕግ ጥያቄ ላይ መልሱ የሚበላሸው የት ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሌሎቹም እንዲከተሉን በአጭሩ ልድገመው። 600 ሚሊ ሊትር ጋዝ በ27 ዲግሪ ሴልሺየስና በ760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ላይ አለ። ቴምፕሬቸሩ ወደ 127 ዲግሪ፣ ግፊቱ ወደ 1140 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቢወጣ ቮልዩሙ ስንት ይሆናል? አንቺ 1881 አገኘሽ። መልሱ ግን 533 ነው ተባልሽ። «ፎርሙላውን በትክክል ጽፌያለሁ፣ የቱ ጋ ነው የሳትኩት? የሬሜዲያል ፈተናም ደርሶብኛል» ብለሻል።

ፎርሙላሽ ልክ ነው። ግፊቶቹም በቦታቸው ገብተዋል። ስሌትሽም አልተዛነፈም። 1881 የመጣው 127ን ለ27 ስላካፈልሽ ብቻ ነው። ሴልሺየሱ ወደ ኬልቪን አልተቀየረም። 273 ስትደምሪ 27 ዲግሪ 300 ኬልቪን፣ 127 ዲግሪ ደግሞ 400 ኬልቪን ይሆናል። ከዚያ 600 × 400/300 × 760/1140 ብለሽ ስትሠሪው 533 ቁጭ ይላል።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ለረጅም ጊዜ ጀማሪ ተማሪዎችን ኬሚስትሪ ሳስጠና ያየሁት ነገር አለ። «ወደ ኬልቪን ቀይሩ» የሚለውን ሁሉም ሰምቶታል። ደብተሩ ላይም በቀይ አስምሮበታል። ፈተና ላይ ግን ይረሳዋል፤ ምክንያቱን የነገረው ሰው ስለሌለ። ምክንያቱ አንዴ ከገባሽ ግን መርሳት ራሱ ይከብድሻል።

ኮምባይንድ ጋዝ ሎው የሚባለው ይሄ ነው፦

ፒ1 × ቪ1 ÷ ቲ1 = ፒ2 × ቪ2 ÷ ቲ2

(ፒ ግፊት፣ ቪ ቮልዩም፣ ቲ ቴምፕሬቸር ነው፤ 1 ከለውጡ በፊት፣ 2 ከለውጡ በኋላ።)

ይህ ፎርሙላ የሚያወራው ስለ እጥፍ ነው። ቴምፕሬቸሩ ስንት እጥፍ ሆነ? ግፊቱ ስንት እጥፍ ሆነ? ታዲያ ቮልዩሙ ስንት እጥፍ ይሆናል? እጥፍ ደግሞ ትርጉም የሚኖረው ቆጠራው ከእውነተኛ ዜሮ ሲጀምር ነው። አስቢው፤ ሁለት ልጆች ቁመታቸው 110 እና 120 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ከፍታ ካለው ጠረጴዛ ጎን አቁመሽ፣ ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ብቻ ብትለኪ አንዱ 10 ሌላው 20 ይሆናል። «ይሄኛው በእጥፍ ይበልጣል» ማለት ትችያለሽ? አትችይም። ሴልሺየስ እንደዚያ ጠረጴዛ ነው። ዜሮው ውሃ በረዶ የሚሆንበት ቦታ እንጂ ሙቀት የሚያልቅበት ቦታ አይደለም። እውነተኛው ዜሮ ከዚያ በ273.15 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ ኬልቪን መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ ከ27 ወደ 127 ዲግሪ የሄደ ጋዝ ሙቀቱ ወደ አምስት እጥፍ የተጠጋ ይመስላል እንጂ ያደገው በአንድ ሦስተኛ ብቻ ነው።

ካላመንሽኝ ጋዙን ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ፣ ማለትም ከ−10 ወደ 10 ዲግሪ አሙቂውና በሴልሺየስ አስይው። ቮልዩሙ ኔጌቲቭ ይወጣል። ከዜሮ ዲግሪ ከጀመርሽ ደግሞ ለዜሮ ማካፈል ይመጣል። ፎርሙላው ራሱ «ይሄ ቁጥር የኔ አይደለም» እያለሽ ነው።

ታዲያ ግፊቱን ለምን አልቀየርነውም? ይህንንም ብዙዎች ይጠይቁኛል። ሚሊ ሜትር ሜርኩሪን ወደ አትሞስፌር ስትቀይሪ ሁለቱንም ቁጥር ለ760 ታካፍያለሽ። ላይና ታች ስለሆኑ 760ው ይጣፋል። ዜሮውም አልተነካም። ስለዚህ ግፊትም ሆነ ቮልዩም በፈለግሽው ዩኒት ይሁን፤ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ከሆነ በቂ ነው። አንዱ በአትሞስፌር፣ ሌላው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከተሰጠ ብቻ አንዱን ቀይሪ። ሁሉንም ነገር መጀመሪያ ወደ አትሞስፌርና ወደ ሊትር እየቀየሩ የፈተና ሰዓት የሚጨርሱ ተማሪዎች ያሳዝኑኛል። ግዴታ የሆነው ቴምፕሬቸሩ ብቻ ነው። እሱ በመደመር ስለሚቀየር አይጣፋም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ግፊትም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። የመኪና ጎማ ጥያቄ ላይ ነው። ጎሚስታው ጋ ያለው መለኪያ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። የተነፈሰ ጎማ ላይ ዜሮ ያሳያል፤ ውስጡ ግን አየር አለ። እንግዲህ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ በ12 ዲግሪ 30 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት የሚለካበት ዩኒት) ያነበበ ጎማ፣ መኪናው ተነድቶ ጎማው 42 ዲግሪ ሲደርስ ስንት ያነባል እንበል። የጎማው ቮልዩም ብዙም አይለወጥም፣ ስለዚህ ቪን እንተወው። የአዲስ አበባ አየር ግፊት ወደ 11 ፒኤስአይ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ቢሆን 14.7 ይሆን ነበር። 30 ላይ 11 ደምሪ፤ 41። ከዚያ 41 × 315/285 ወደ 45 ይመጣል። 11ዱን መልሰሽ ስትቀንሺ መለኪያው ወደ 34 ያነባል። በሴልሺየስ ብትሠሪው 30 × 42/12 ብለሽ 105 ፒኤስአይ ታገኚያለሽ። በዚህ ስሌት ከተማውን ዞሮ የሚመለስ ታክሲ ሁሉ ጎማው በፈነዳ ነበር።

አሁን ወደ አሠራሩ ልምጣ። እኔ ተማሪዎቼን ፎርሙላው ውስጥ ስድስት ቁጥር ከመክተታቸው በፊት አንድ ነገር አስጠይቃቸዋለሁ፦ ይሄ ለውጥ ብቻውን ቢሆን ቮልዩሙን ያሳድገዋል ወይስ ያሳንሰዋል? ያንቺን ጥያቄ እንይ። ሙቀት ጨመረ። ሙቀት ጋዝን ያሰፋል። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ከላይ ይሁን፤ 400/300። ግፊትም ጨመረ። ግፊት ጋዝን ያጠባል። ስለዚህ ትንሹ ከላይ ይሁን፤ 760/1140። የመጀመሪያው አራት ሦስተኛ ነው፣ ሁለተኛው ሁለት ሦስተኛ። ሲባዙ ስምንት ዘጠነኛ። መልሱ ከ600 ትንሽ ዝቅ እንደሚል ካልኩሌተር ሳትነኪ አወቅሽ ማለት ነው። 1881 ቢመጣ ዓይንሽ ወዲያው ይይዘዋል። ምርጫ ባለው ፈተና ላይ ይሄ ወርቅ ነው፤ በሴልሺየስ ተሠርቶ የሚመጣው የተሳሳተ መልስ ብዙ ጊዜ ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠብቅሻል።

ይህን በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ አንድ የታወቀ ነገር አለ። የውሃ ፕላስቲክ አዲስ አበባ ላይ ባዶውን ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ ዝጊና ወደ ጅቡቲ ይዘሽ ውረጂ። ሲደርስ ተጨማዶ ታገኚዋለሽ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ነው፣ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ ወደ 101። ሙቀቱን 20 እና 35 ዲግሪ እንበለው፤ 293 እና 308 ኬልቪን። ሙቀቱ 308/293 ነው፣ በአምስት በመቶ ያህል ሊያሰፋው ይፈልጋል። ግፊቱ 77/101 ነው፣ በ24 በመቶ ያህል ያጠበዋል። ሁለቱ ሲባዙ 0.80። በግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ውስጥ የነበረው አየር 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ቦታ ብቻ ይበቃዋል። ሙቀቱና ግፊቱ ተጓትተው ግፊቱ አሸነፈ። የቺፕስ ማሸጊያ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ የሚነፋውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል።

የሚፈለገው ቴምፕሬቸር ሲሆን ብዙ ሰው ይደናገራል፣ ቲ2 ታች ስለተቀመጠ። እዚያም ያው ዘዴ ይሠራል። 250 ሚሊ ሊትር ጋዝ በ20 ዲግሪና በ100 ኪሎ ፓስካል አለ። በስንት ዲግሪ ነው 300 ሚሊ ሊትር እና 110 ኪሎ ፓስካል የሚሆነው? ቮልዩሙም ግፊቱም አብረው እንዲጨምሩ መሞቅ አለበት። ስለዚህ ሁለቱም ላይ ትልቁ ከላይ ይገባል፤ 293 × 300/250 × 110/100። 387 ኬልቪን ገደማ ይመጣል። ጥያቄው በሴልሺየስ ከሆነ 273 ቀንሺ፤ 114 ዲግሪ። ይቺን የመጨረሻ ቅነሳ የሚረሳ ብዙ ነው።

«የቦይል፣ የቻርልስ፣ የጌይ-ሉሳክ የጋዝ ሕጎች፣ የትኛው መቼ ነው?» ለሚለው ጭንቀት ደግሞ፣ እኔ ሦስቱን ለየብቻ መሸምደድ አልመክርም። ቦይል የግፊትና የቮልዩምን ግንኙነት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1662 ነው። ቻርልስ የቮልዩምና የሙቀቱን ያጠናው በ1780ዎቹ ቢሆንም አላሳተመውም፤ በ1802 ጌይ-ሉሳክ ነው ስሙን ጠርቶ ያወጣለት። (ቻርልስ በ1783 ፓሪስ ላይ በሃይድሮጅን ባሉን የበረረ ሰው ነው። ወደ ላይ ሲወጣ የውጭው ግፊት ቀንሶ ጋዙ ስለሚሰፋ የባሉኑን ታችኛ አፍ ክፍት ትቶት ነበር። ጉዳዩ ለሱ የወረቀት ብቻ አልነበረም።) ከ100 ዓመት በላይ ተለያይተው ስለመጡ ነው መጽሐፍ ላይ ተለያይተው የተቀመጡት። ለአንቺ አንዱ ፎርሙላ ይበቃል። ያልተለወጠውን ሰርዢው፣ የቀረው የሚያስፈልግሽ ሕግ ነው።

ያልተለወጠውን ለማወቅ ግን ጥያቄውን ቀስ ብለሽ አንብቢ። የብረት ሲሊንደር ወይም «ሪጂድ» (የማይለጠጥ) የሚል ዕቃ ካለ ቮልዩሙ ቋሚ ነው። ፒስተኑ እንደልቡ የሚንቀሳቀስ ከሆነና ውጭው ካልተቀየረ ግፊቱ ቋሚ ነው። «ኤስቲፒ» (መደበኛ ቴምፕሬቸርና ግፊት) ካለ ቁጥሩ አልተሰጠም ብለሽ አትደንግጪ፤ 273 ኬልቪንና 1 አትሞስፌር ሰጥቶሻል። አንዳንድ መጽሐፍ በ1 አትሞስፌር ፈንታ 100 ኪሎ ፓስካል ይላል፣ ያንቺ ሞጁል የትኛውን እንደሚጠቀም አስቀድመሽ እይ። ከሁሉ በላይ ግን ጋዝ አልተጨመረም፣ አላፈሰሰምም? የጋዙ መጠን ከተቀየረ ወይም ሞልና ግራም ከተጠቀሰ ይሄ ፎርሙላ ብቻውን አይበቃሽም፤ የጋዙን መጠን በሞል ወደሚያስገባው አይዲያል ጋዝ ሎው መሄድ አለብሽ።

እስቲ ይቺን ሥሪልኝ። በኤስቲፒ ላይ ያለ 450 ሚሊ ሊትር ጋዝ ወደ 91 ዲግሪ ሴልሺየስና ወደ 2 አትሞስፌር ቢወሰድ ቮልዩሙ ስንት ይሆናል? ካልኩሌተር አያስፈልግሽም። 300 ሚሊ ሊትር ካልመጣልሽ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ የትኛው መስመር ላይ እንደሳተ አብረን እናየዋለን።