በውጭ አገር የተፈረደ የፓተንት ክርክር ጅማ ያለን ስልክ ሻጭ ያስጠይቀዋልን?

ጥያቄውን የላኩልን በጅማ ከተማ፣ በሂርማታ መርካቶ አካባቢ ስማርት ስልክ የሚሸጡና የሚጠግኑ ነጋዴ ናቸው። የአንድ ቻይናዊ አምራች ስልኮችን ከአዲስ አበባ አስመጪ በደረሰኝ እየገዙ ይሸጣሉ። በሱቃቸው ታፔላ ላይ የሦስት ታዋቂ አምራቾችን ዓርማ አስለዋል። ለጥገና የሚጠቀሙባቸው ስክሪኖችና የሚሸጧቸው ከቨሮች ደግሞ የአምራቾቹ ዓርማ የታተመባቸው፣ ነገር ግን ከአምራቾቹ ያልመጡ፣ በገበያው «ኮፒ» የሚባሉት ናቸው። በቅርቡ ፊት ለፊታቸው ያለው ሱቅ ባለቤት «የአንዱ አምራች ወኪል ነኝ» በማለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥተዋቸዋል። ደብዳቤው የሚሸጧቸው ስልኮች በውጭ አገር ፍርድ ቤት የፓተንት መብት በመጣስ የተፈረደባቸው መሆናቸውን ገልጾ፣ በ10 ቀናት ውስጥ ሽያጩን ካላቆሙና ታፔላውን ካላወረዱ ካሳ እንደሚከፍሉና እንደሚታሰሩ ያስጠነቅቃል። እኚሁ ጎረቤት ለደንበኞችም ተመሳሳይ ነገር እየተናገሩ ነው። ጠያቂያችን የውጭው ፍርድ እርሳቸውን ይመለከት እንደሆነ፣ ታፔላውን ማውረድ ይገባቸው እንደሆነ፣ የራሳቸውን የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ይችሉም እንደሆነ ይጠይቃሉ።

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከላኩልን ዝርዝር እንደተረዳሁት ደብዳቤው ሁለት የተለያዩ መብቶችን ቀላቅሎ አቅርቧል። ስለ ፓተንት የተጻፈው ሊያስጨንቅዎ አይገባም። ስለ ንግድ ምልክት ግን፣ ጎረቤትዎ ከጻፉትም በላይ ተጋላጭ ነዎት፤ ይህንንም ሳልሸፋፍን ልነግርዎ ይገባል።

ፓተንት አዲስ የሆነ፣ የፈጠራ ብቃት ያለውና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት ለሚችል ግኝት የሚሰጥ መብት ሲሆን፣ በባሕርዩ ከሰጠው አገር ወሰን አያልፍም። በአገራችን የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ፓተንት ለ15 ዓመት ጸንቶ ይቆያል፤ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። የስልክ ቅርጽና ገጽታ የሚጠበቀው ደግሞ በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ምዝገባ ነው። በአሜሪካ ወይም በጀርመን የተሰጠ ፓተንት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ካልተመዘገበ እዚህ መብት ተብሎ አይጠራም። ከዚህም ሌላ፣ ለእርስዎ ጉዳይ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ የማገኘው ድንጋጌ አለ። አዋጁ የፓተንት ባለመብት በፓተንቱ የተሸፈነውን ምርት ወደ ኢትዮጵያ የማስገባት ብቸኛ መብት እንደማይኖረው በግልጽ ደንግጓል። ስለዚህ ፓተንቱ በአገራችን ተመዝግቦ ቢሆን እንኳ፣ «ስልኩን ከእኔ በቀር ማንም አያስገባም» የሚል ክርክር ለማቅረብ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል።

የፍርዱ ከአገር አገር መለያየት ምን ያህል እንደሆነ ከአፕልና ከሳምሰንግ ክርክር ማየት ይቻላል። አፕል በሳምሰንግ ላይ በካሊፎርኒያ ክስ የመሠረተው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2011 ነበር። በኦገስት 2012 የጁሪ ሸንጎው፣ ማለትም ከተራ ዜጎች የተውጣጣው ፈራጅ ቡድን፣ ሳምሰንግ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነ፤ ከተጣሱት መብቶች መካከል ማያ ገጹ ጫፍ ሲደርስ ተመልሶ የሚነጥርበት አሠራርና የስልኩ የፊት ገጽታ ንድፍ ይገኙባቸው ነበር። በዚያው ሰሞን የሴኡል ፍርድ ቤት ሁለቱም ኩባንያዎች አንዱ የሌላውን መብት ጥሰዋል ብሎ ፈረደ። የሳምሰንግ ታብሌት በጀርመን እንዳይሸጥ በ2011 ሲታገድ፣ የለንደን ፍርድ ቤት ደግሞ በ2012 ያው ታብሌት የአፕልን ንድፍ አልቀዳም ብሎ ወሰነ፤ አፕልም ይህንኑ ውሳኔ በማስታወቂያ እንዲገልጽ ታዘዘ። የአሜሪካው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በዲሴምበር 2016 የንድፍ ካሳ የግድ ከሙሉው ስልክ ትርፍ ብቻ ሊሰላ እንደማይገባ ተወሰነ። በሜይ 2018 አዲስ ሸንጎ ካሳውን 539 ሚሊዮን ዶላር አደረገው፤ በተከታዩ ወር ኩባንያዎቹ በስምምነት ጨረሱ። ተከራካሪዎቹም ምርቶቹም ሳይለወጡ የየአገሩ ፍርድ እንዲህ ከተለያየ፣ ከእነዚህ መካከል አንዱን መዝዞ ጅማ ላይ ማስፈጸም አይቻልም።

በእርስዎ አምራች ላይ የተፈረደ ነው የተባለው ምናልባት ከአውታረ መረብ ደረጃዎች ጋር የተያያዘ ፓተንት ሊሆን ይችላል። አንድ ስልክ ከ4ጂ ወይም ከ5ጂ መረብ ጋር እንዲገናኝ የሚያስችሉት ቴክኖሎጂዎች በብዙ ኩባንያዎች እጅ ያሉ ናቸው። ክርክሩም ብዙ ጊዜ የሚነሳው አምራቹ ለእነዚህ ኩባንያዎች ምን ያህል የፈቃድ ክፍያ ይክፈል በሚለው ላይ ነው። ኖኪያና ኦፖ በዚህ ምክንያት ሲከራከሩ ኦፖ እ.ኤ.አ. በ2022 በጀርመን ሽያጩን እስከ ማቆም ደርሶ ነበር፤ በጃንዋሪ 2024 ግን ተስማምተው የፈቃድ ውል ፈረሙ። ይህ በአምራቾች መካከል ያለ የሒሳብ ጥያቄ ነው። በውጭ አገር የተሰጠ ፍርድ በአገራችን እንዲፈጸም ሲጠየቅም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከቁጥር 456 ጀምሮ ያስቀመጣቸው ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። ያም ቢሆን ፍርዱ የሚፈጸመው በተከራካሪ ወገን ላይ እንጂ ክርክሩ ውስጥ ስሙ ባልተነሳ የጅማ ነጋዴ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ንግድ ምልክቱ ልመለስ፤ ረዘም አድርጌ የምጽፈውም አደጋው እዚህ ስለሆነ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ሲሆን፣ ምዝገባው ለ7 ዓመት ጸንቶ በየ7 ዓመቱ ሊታደስ ይችላል። የተመዘገበ ምልክት ባለቤት ሌላ ሰው ያንኑ ወይም ተመሳሳዩን ምልክት ሕዝብን በሚያሳስት መልኩ እንዳይጠቀምበት መከልከል ይችላል። ፍርድ ቤትም ዋናው ክርክር ከመወሰኑ በፊት ዕቃው እንዲያዝ ወይም ድርጊቱ እንዲቆም ጊዜያዊ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። የወንጀል ቅጣቱ ደግሞ ከባድ ነው። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ከ5 ዓመት በማያንስና ከ10 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በከባድ ቸልተኝነት ከሆነም ከ1 እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

ከአስመጪ በደረሰኝ የገዟቸው ስልኮች አምራቹ ራሱ ሠርቶ በስሙ የሸጣቸው እስከሆኑ ድረስ እነርሱን መልሶ መሸጥ ምልክትን ማስመሰል አይደለም። ደረሰኞቹን አንድም ሳያጎድሉ ያስቀምጡ፤ በየስልኩ ማሸጊያ ላይ ያለው የአይኤምኢአይ ቁጥርም (የእያንዳንዱ ስልክ መለያ ቁጥር) ስልኩ ላይ *#06# ሲደወል ከሚወጣው ጋር መመሳሰሉን ከመሸጥዎ በፊት ያረጋግጡ።

ታፔላው መካከለኛ ጉዳይ ነው። አዋጁ ዕቃን ወይም አገልግሎትን ለመግለጽ ብቻ፣ በቅን ልቦናና ሕዝብን በማያሳስት መንገድ የሚደረግን አጠቃቀም አይከለክልም። ስለዚህ «የእነ እገሌ ስልኮች እዚህ ይጠገናሉ» ብሎ በተራ ፊደል መጻፍ፣ በእኔ አስተያየት፣ የተፈቀደ ነው። የአምራቹን ዓርማ በቀለሙና በቅርጹ ከሱቁ ስም በላይ አጉልቶ ማሳል ግን አላፊ አግዳሚውን ሱቁ የአምራቹ ወኪል ነው ወደሚል እምነት ይመራዋል። ሦስት ዓርማዎች ጎን ለጎን መሆናቸው ይህን ስሜት ሊቀንሰው ይችላል የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ ግን በዚህ ላይ ተማምነው እንዲከራከሩ አልመክርዎትም። ታፔላውን ያውርዱና የራስዎን ስም አጉልተው፣ የሚጠግኗቸውን ስልኮች ስም በተራ ጽሑፍ አስፍረው ሌላ ያሠሩ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ስክሪኑና ከቨሩ ነው። ከአምራቹ ሳይመጣ የአምራቹ ዓርማ የታተመበት ዕቃ በሕግ ዓይን አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ርካሽ መሆኑ ወይም ደንበኛው «ኮፒ» መሆኑን ማወቁ ይህን አይለውጠውም። በኖርዌይ አንድ ስልክ ጠጋኝ ከውጭ ያስመጣቸው 63 የአይፎን ስክሪኖች በጉምሩክ ተይዘውበት ነበር። ዓርማዎቹ በቀለም የተሸፈኑ ቢሆኑም ቀለሙ ሊነሳ የሚችል በመሆኑ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአፕል ፈርዷል። ይህም እንደ ሌሎቹ እዚህ አስገዳጅነት የለውም። ሆኖም የእኛ ዳኛ ከኖርዌዩ የበለጠ ግልጽ የሆነ፣ ዓርማው ያልተሸፈነ የእርስዎ ዕቃ ሲቀርብለት ከዚያ የለሰለሰ አመለካከት ይይዛል ብዬ አልጠብቅም። ይህን ስል ጥገና ለከተማው ነዋሪ ያለውን ጥቅም ዘንግቼ አይደለም፤ አዲስ ስልክ መግዛት ለማይችል ተማሪ የስክሪን ቅያሪ ትልቅ ነገር ነው። ዓርማ የሌለበት ተለዋጭ ስክሪን በገበያው አለ፤ እርሱን ይጠቀሙ፣ ለደንበኛውም የአምራቹ አለመሆኑን በደረሰኙ ላይ ይጻፉለት። በእጅዎ ያሉትን ዓርማ ያለባቸውን ከመደርደሪያ አውርደው ከሽያጭ ያግልሉ እንጂ ለሌላ ነጋዴ አያስተላልፉ።

የደብዳቤውም ትልቁ ውጤት እዚህ ላይ ነው። ስለ ፓተንት የጻፈው ስህተት ቢሆንም፣ ስለ ዓርማው አጠቃቀም ማስጠንቀቂያ እንደ ደረሰዎት ማስረጃ ይሆናል፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚደረግ ሽያጭ በቸልተኝነት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተፈጸመ ነው ለማለት ለከሳሽ መንገድ ይከፍታል።

ጎረቤትዎን በተመለከተ፣ ክስ ለማቅረብ በጉዳዩ ላይ መብት ወይም ጥቅም ሊኖራቸው እንደሚገባ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 33 ይጠይቃል። የአምራቹን ምርት መሸጥ ብቻውን የአምራቹን መብት ለማስከበር አያስችልም፤ የውክልና ሥልጣን ወይም የፈቃድ ውል ማሳየት አለባቸው። ለደንበኞች የሚናገሩት ነገር ሐሰት ከሆነ ደግሞ እርሳቸው ራሳቸው ተጠያቂ ይሆናሉ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የሌላውን ነጋዴ መልካም ስም የሚያጎድፍ ሐሰተኛ መግለጫ ማሰራጨት ተገቢ ያልሆነ የንግድ ውድድር ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2057ም ለካሳ መሠረት ይሆናል። የሰሙ ደንበኞችን ስምና የተነገራቸውን ቃል ከነቀኑ መዝግበው ይያዙ። ነገር ግን ስክሪኖቹ ከመደርደሪያዎ ሳይወጡ ክስ አይጀምሩ።

የራስዎን ምልክት ማስመዝገብ ይችላሉ። የንግድ ስምዎ በንግድ ጽሕፈት ቤት መመዝገቡ የንግድ ምልክት ምዝገባ አለመሆኑን ግን ይወቁ፤ ምልክቱ ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በተለየ ማመልከቻ ይቀርባል፣ ተመርምሮም ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በማስታወቂያ ይወጣል። ከታዋቂ ምልክት ጋር የሚመሳሰል ከሆነ ውድቅ ስለሚሆን፣ የታወቀ አምራች ስም ላይ አንድ ፊደል ጨምሮ ወይም ቀንሶ መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ነገሩ በመሠረቱ የፌዴራል ቢሆንም፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ለክልል ፍርድ ቤቶች በተሰጠው የውክልና ሥልጣን መሠረት በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ሊታይ ይችላል። በዚያ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ መልስዎንና የጽሑፍ ማስረጃዎችዎን ከነትርጉማቸው አስቀድመው ያዘጋጁ።

ለደብዳቤው ያለ መልስ እንዳይቀሩ። ታፔላውን ካወረዱና ስክሪኖቹን ካገለሉ በኋላ፣ 10ኛው ቀን ሳያልፍ፣ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። ተጣሰ የተባለው ፓተንት በኢትዮጵያ የተመዘገበበት ቁጥር፣ የንግድ ምልክቱ ምዝገባ ምስክር ወረቀት ቅጂና ከአምራቹ የተሰጣቸው የውክልና ሥልጣን እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ። የወሰዱትን እርምጃ ከነቀኑ ይግለጹ፤ ጥፋተኛ ነኝ የሚል ቃል ግን አያስገቡ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ሲያስረክቡ በሌላው ላይ የመቀበያ ፊርማና ቀን ያስፈርሙ፤ አልፈርምም ካሉ በአደራ ፖስታ ልከው የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ይያዙ።