ኤጀንሲ ወይስ ቋሚ ሠራተኛ? መጀመሪያ ሂሳቡን እናስተካክል

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ገርጂ አካባቢ የሶፋና የአልጋ ማምረቻ አለሽ። አንድ የማርኬቲንግ ኤጀንሲ ፌስቡክሽን፣ ቲክቶክሽንና ቴሌግራምሽን ይዞ ለመሥራት በወር 40 ሺህ ብር፣ ከነቫቱ 46 ሺህ ጠይቆሻል። በሌላ በኩል ይኼንኑ ሥራ ተቀጥሮ የሚሠራልሽ በሰው በሰው የመጣ ልጅ አለ። እሱ "20 ሺህ ኔት ይበቃኛል" ብሏል። "የ26 ሺህ ብር ልዩነት እያለ ኤጀንሲ መያዝ እብደት አይደለም ወይ?" ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎችም አብዛኞቹ "ልጁን ቅጠሪ፣ አለቀ" ብለዋል።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምሠራበት ድርጅት ሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ያስመጣል። መጀመሪያ በኤጀንሲ፣ ቀጥሎ በራሳችን ሠራተኛ፣ አሁን ደግሞ ሁለቱን ቀላቅለን ነው የምንሠራው። ክፍያው ሁሉ በእጄ ስላለፈ ከሌላው ሰው ትንሽ ለየት ብሎ ይታየኛል። ያንቺ 26 ሺህ ብር በወረቀት ላይ ሲሠራ ያን ያህል አይደለም።

እንዴት መሰለሽ። ልጁ 20 ሺህ ብር እጁ ላይ እንዲገባ ከፈለገ ፔይሮሉ (የደመወዝ መክፈያ ሰነዱ) ላይ 20 ሺህ አትጽፊም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ በኋላ በደረጃ እየጨመረ ይሄድና ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ደግሞ 7 በመቶ ነው። ከ20 ሺህ ተነስተሽ ወደ ኋላ ስታሰይው ያልተጣራው ደመወዝ 30,950 ብር አካባቢ ይመጣል። ወደ 8,780 ብሩ የሥራ ግብር ነው፣ ወደ 2,170 ብሩ ጡረታው ነው። እዚህ ላይ አሠሪዋ አንቺ ከኪስሽ 11 በመቶ ጡረታ ትጨምሪያለሽ፤ 3,400 ብር ገደማ። ሲደመር ልጁ በወር የሚያስወጣሽ 34,350 ብር አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ኤጀንሲው ነይ። ቫት ተመዝጋቢ ከሆንሽና ሕጋዊ ደረሰኝ ከሰጡሽ 6 ሺህ ብሩን ለመንግሥት ከምትከፍዪው ቫት ላይ ታቀናንሺዋለሽ። ስለዚህ ወጪሽ 40 ሺህ ነው። ቫት ካልተመዘገብሽ ግን 46 ሺህው ሙሉ በሙሉ ያንቺ ነው፤ ይኼ ነገር ብዙ ይለውጣል። ተመዝግበሻል ብዬ ልቀጥልና፣ ልዩነቱ ከ26 ሺህ ወርዶ 5,650 ብር ገደማ ሆነ ማለት ነው። ልጁ ላፕቶፕ ይፈልጋል። ቪዲዮ በደንብ የሚቀርጽ ስልክ ይፈልጋል። የኢንተርኔት ጥቅል አለ፣ ትራንስፖርት አለ፣ በዶላር የሚከፈልበት የኤዲቲንግ አፕ አለ። ኤጀንሲው እነዚህን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። እኛ ቤት እነዚህ ተጨማምረው ሁለቱ አማራጮች በወጪ ተቀራርበው ነው የተገኙት።

እዚህ ስር አንድ ወንድም "ታዲያ ፔይሮል ውስጥ ሳታስገቢ በካሽ ስጪው" ብሏል። ይቅርታ ይደረግልኝና መጥፎ ምክር ነው። ግብሩ ያልተከፈለበት ደመወዝ ኦዲት ሲመጣ በወጪነት አይያዝልሽም። ቀንሰሽ ማስገባት የነበረብሽን ግብርም ከነቅጣቱ የሚጠይቁት አንቺን ነው፣ ልጁን አይደለም።

ደረሰኝ ለሌለው ፍሪላንሰርም ያው ነው። "በ15 ሺህ የሚሠራልኝ ልጅ አለ" የምትል አንዲት እህት አይቻለሁ። ድርጅትሽ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ ነው። ደረሰኝ የሌለው 15 ሺህ ብር እንደ ትርፍ ይቆጠርብሽና 4,500 ብር ግብር ትከፍዪበታለሽ። ስለዚህ ያ ልጅ 19,500 ነው። አሁንም ርካሽ ሊሆን ይችላል፣ ግን 15 ሺህ አይደለም።

ዋጋው ከተቀራረበ ጥያቄው ሌላ ይሆናል፦ ያንቺ ሥራ የሚሸጠው የት ላይ ነው?

እኛ ኤጀንሲ በያዝን ጊዜ ቪዲዮዎቹ ያምሩ ነበር። ውሸት አልናገርም። መብራቱ፣ ድምፁ፣ ጽሑፉ፣ ሁሉም ባለሙያ አለው። ቀራጩ ሌላ፣ ኤዲተሩ ሌላ፣ ማስታወቂያውን የሚያሠራጨው ሌላ። አንድ ቅጥር ልጅ እነዚህን ሁሉ በአንድ ደረጃ አይችልም፤ እችላለሁ ካለሽም ትንሽ ተጠራጠሪ። ችግሩ የመጣው ከፖስቱ በኋላ ነው። ደንበኛ "ይኼ ሳይዝ አላችሁ? ለስንት ካሬ ይበቃል? ሱሉልታ ድረስ ታደርሳላችሁ?" ብሎ ይጽፋል። መልሱ "ውድ ደንበኛችን፣ ስለ ምርጫዎ እናመሰግናለን፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ" ነው። ሰውዬው ስልክ መደወል ቢፈልግ ኖሮ መቼ ይጽፍ ነበር? ኤጀንሲው መጋዘናችን ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም። በዚያ ላይ "ዋጋ በኢንቦክስ" የሚሉት ነገር አለ። ገብቶ ሲጠይቅ የሚመልስ ሰው ከሌለ ኢንቦክሱ መቃብር ነው።

ፖስት ቆጠራውንም ልብ በዪ። ውላችን በወር 12 ፖስት ይላል። መስከረም ሲደርስ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ኢሬቻ፣ አንዳንዴ መውሊድም ይጨመርበታል። ከ12ቱ ሲሶው የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ይሆናል። አደይ አበባ ላይ ሎጎ ለጥፎ ከፍለን የገዛነው ፖስት ነው እንግዲህ።

የራሳችንን ሠራተኛ ስንቀጥር ኢንቦክሱ ተነሳ። ልጅቷ ከሽያጭ ክፍሉ ጋር አንድ ቢሮ ትቀመጣለች፣ ዕቃው ሲያልቅ ታያለች፣ ዋጋ ሲቀየር ያኔውኑ ታውቃለች። ቪዲዮው ጥራቱ ወረደ፤ ሽያጩ ግን አልወረደም። የወረደው የሥራ አስኪያጁ ትዕግሥት ነበር። ኤጀንሲ ራሱን ችሎ ይሠራል፤ ሠራተኛ ግን የሚመራው ይፈልጋል። ምን ይቀረጽ፣ ምን ይጻፍ፣ ቅናሽ እንስጥ አንስጥ፣ ሁሉም ወደ አለቃ ይመጣል። ደግሞ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ሥራው አይታይም። ባነር ያስለጥፋል፣ ፕሪንተር ያስጠግናል፣ ካሸሯ ስትቀር እሷን ይተካል። የዓመት ፈቃድ በሕጉ ከ16 የሥራ ቀን ይጀምራል፤ በእነዚያ ቀናት ፔጁ ዝም ይላል። ሥራውን ሲለምድ ደግሞ የተሻለ የሚከፍል ይወስደዋል። ይኼ የማይቀር ነው፣ ቀድመሽ አስቢበት።

ማንም ያላነሳልሽ የማስታወቂያውን ገንዘብ ነው። 40 ሺህው ውስጥ የቡስት ብር፣ ማለትም ፖስቱ ለብዙ ሰው እንዲታይ ለፌስቡክና ለቲክቶክ የሚከፈለው፣ አለበት ወይ? ብዙ ጊዜ የለበትም። ፌስቡክና ቲክቶክ ሒሳባቸው በዶላር ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለን ሰዎች ካርድ ላለው ሰው ብር ሰጥተን ነው የምናስከፍለው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ የቡስት በጀታችን በብር ሳይቀነስ ማስታወቂያው የሚደርሳቸው ሰዎች በግማሽ ያህል ቀነሱ። ስለዚህ ኤጀንሲውን ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ቡስቱ ለብቻው ነው ወይ፣ ዶላሩን በስንት ታስቡታላችሁ፣ ከአድስ ማኔጀር (የፌስቡክ ማስታወቂያ ማስተዳደሪያ) የወጣውን የክፍያ ወረቀት በየወሩ ታሳዩኛላችሁ ወይ። ሦስተኛው ላይ ከተንተባተቡ ውሉን አትፈርሚ። ልጁን ብትቀጥሪም ይኼ ወጪ አይቀርልሽም።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ልጁን እቀጥር ነበር፣ ግን እዚህ እንደተባለው ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ሶፋ የሚሸጠው በንግግር ነው። "በሌላ ጨርቅ ይሠራል? ኤል ሼፑ ወደ ግራ ይዞርልኛል? ቀብድ ስንት ነው? ለሰርግ ስለሆነ ከጥር በፊት ይደርሳል?" ይኼን የሚመልሰው ወርክሾፑ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው። ኤምዲኤፍ በጨመረ ቁጥር ዋጋሽ ይቀየራል፣ ውጭ ያለ ሰው ደግሞ የድሮውን ዋጋ ይዞ ይቀመጣል። ያለቀ ሶፋ ከመጫኑ በፊት በስልክ ቀርጾ ቴሌግራም ላይ መጣል ለአንቺ ከሚያምር ስቱዲዮ ቪዲዮ ይበልጥብሻል። ለሰርግ ወቅትና ለበዓል ገበያ ጥሩ ቪዲዮ ስትፈልጊ ቀራጭ ለአንድ ቀን ትጠሪያለሽ፣ ደረሰኝ ካለው ማለቴ ነው። የምትሸጪው ግን ዋጋው የማይለወጥ የታሸገ ዕቃ፣ ሳሙና ወይም ውሃ፣ ቢሆን ኖሮ ኤጀንሲውን ያዢ ነበር የምልሽ።

ከቀጠርሽው የሙከራ ጊዜውን በጽሑፍ አድርጊው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በዚያ ውስጥ ካልተስማማችሁ ያለ ማስጠንቀቂያ መለያየት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን በሕጉ ምክንያትና ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ የሙከራውን ጊዜ በሥራ ለኪው። ምን ያህል ሰው ጽፎ ጠየቀ፣ ስንቱ ሾሩም መጣ፣ ስንቱ ቀብድ ከፈለ። ላይክ አትቁጠሪ።

ሌላው፣ ማንንም ብትይዢ ፔጁም ቻናሉም ባንቺ ስም ይሁን። የቴሌግራም ቻናል ባለቤቱ የከፈተው ስልክ ነው፤ ስለዚህ በራስሽ ቁጥር ክፈችውና ልጁን አድሚን አድርጊው። ፌስቡክም ላይ ቢዝነስ ማኔጀር (የድርጅት ፔጆችን ማስተዳደሪያ) በስምሽ ከፍተሽ ኤጀንሲውን በፓርትነርነት ብቻ አስገቢ። ሲለያዩ ፔጁን ይዘው የሚሄዱ ወይም ለመመለስ ክፍያ የሚጠይቁ አሉ፤ የማውቀው አንድ ነጋዴ ብዙ ሺህ ተከታይ የነበረው ቻናል ቀርቶበት ከዜሮ ጀምሯል።

ልጁ ኔት ሲል ጡረታውንም ቆጥሮ ይሁን አይሁን ከመስማማታችሁ በፊት አጣሪ። አንዳንዱ ግብር ብቻ ያስባል። ቫት መመዝገብሽንና ድርጅትሽ በግል ይሁን በማኅበር እዚህ ስር ብትጽፊልኝ ስሌቱን እንደ ሁኔታሽ አስተካክዬ እልክልሻለሁ።