እስከ ንኡስ አንቀጹ ድረስ፦ ስለ አገር ጉዳይ ለሚናገሩ ወጣቶች

የተወደዳችሁ ልጆች፦

በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ስላክ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በራድዮ ሲነገር፣ «መሬት ላራሹ» የሚለውን መፈክር እየሰማን ያደግን በመሆናችን፣ ከመካከላችን በዚያች ሌሊት እንቅልፍ የወሰደው ሰው የነበረ አይመስለኝም። ገበሬዎቹን ሰብስቤ የሰማሁትን ሁሉ አስረዳሁ፤ ጭሰኝነት መቅረቱን፣ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ ሊይዝ እንደማይችል፣ ሰው ቀጥሮ ማሳረስም መከልከሉን ነገርኋቸው። ስብሰባው ሲበተን ነጠላዋን ያዘቀዘቀች አንዲት ሴት ወደ ኋላ ቀርታ ጠበቀችኝ።

«ልጄ፣ ባሌ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። ልጆቼ እርፍ ለመጨበጥ አልደረሱም፤ ማሳዬን በቅጥር ነው የማሳርሳት። እኔ እንግዲህ እንዴት ልሁን?» አለችኝ። እኔም ያለ አንዳች ማመንታት፣ በቅጥር ማሳረስ ብዝበዛ በመሆኑ ከእንግዲህ እንደማይቻል መለስሁላት።

የነጋሪት ጋዜጣው ቅጂ እጃችን የገባው ከሳምንታት በኋላ ነበር። አዋጅ ቁጥር 31/1967 ቅጥርን የሚከለክለውን ድንጋጌ ካሰፈረ በኋላ፣ እዚያው ንኡስ አንቀጽ ውስጥ፣ ክልከላው ሌላ በቂ መተዳደሪያ በሌላት ሴት ላይ እንደማይሠራ፣ እንዲሁም ባለይዞታው የሞተ፣ የታመመ ወይም ያረጀ እንደሆነ የትዳር ጓደኛውንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹን እንደማይመለከት ይናገራል። ያች ሴት ከነልጆቿ እዚያ ተጽፋ ነበር። ፈልጌ ሳገኛት ማሳዋን የባሏ ወንድም ይዞታል። «ተማሪው ተከልክሏል አለ» ብላ በገዛ እጇ ሰጥታዋለች። መንግሥት ያልነጠቃትን መሬት እኔ በግማሽ ንባብ አስነጠቅኋት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሕግ አጥንቼ የሥራ ዘመኔን በአብዛኛው በሕግ ማርቀቅ ላይ አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን እናንተ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት፣ ስለ ግብርና ስለ ሥራ አጥነት ስትከራከሩ በአንክሮ እሰማለሁ፤ በቁጣችሁም አልፈርድም፤ አብዛኛው ምክንያት ያለው ነው። የሚያሳስበኝ ደጋፊውም ተቃዋሚውም የሚከራከረው በአዋጁ ርእስ ላይ መሆኑ ነው። በርእሱ ላይ የተስማሙ ሰዎች በንኡስ አንቀጹ ላይ ሊጣሉ ይችላሉ፤ በርእሱ የተጣሉም እንዲሁ ታች ወርደው ሲነጋገሩ አንድ ሆነው ይገኙ ይሆናል።

አንድ ፖሊሲ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ እየወረደ ነው። አዋጁን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያወጣዋል፤ ደንቡን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣዋል፤ መመሪያውን ደግሞ ሥልጣን የተሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ ያዘጋጀዋል። ጋዜጠኛው የሚዘግበው አዋጁን ነው፤ ባለጉዳዩን መስኮት ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ግን መመሪያው ነው። አዋጁ የፈቀደውን መመሪያው በአምስት ማስረጃና በሁለት መሸኛ ደብዳቤ ሲያስረው፣ ማንም ሰልፍ ሳይወጣበትና ማንም ስሙን ሳያነሣው መብቱ ባለበት ይቀራል።

ይህን የምላችሁ ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። በ1990ዎቹ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በየወሩ ገንዘብ ለሚከፍላቸው አረጋውያን የአከፋፈል መመሪያ አርቅቄ ነበር። ገንዘቡን በወኪል የሚያስወስዱ ሰዎች በሕይወት መኖራቸውን በየዓመቱ ከቀበሌ እያስጻፉ እንዲያቀርቡ የሚያዝ አንቀጽ ነበረው፤ ሐሳቡ የሞተ ሰው ስም እየጠሩ ገንዘብ የሚወስዱትን ለማስቀረት ነው። በመጨረሻው ቅጂ ላይ «በወኪል» የምትለዋ ቃል ወደቀች። እኔ አላየሁም፤ የፈረሙትም አላዩም። ከዓመት በኋላ በሌላ ጉዳይ ወደ ክፍያ ክፍሉ ጎራ ስል፣ ከዘራ የያዙ አንድ አዛውንት መስኮቱ ሥር ቆመው ከጸሐፊዋ ጋር ሲነጋገሩ ደረስሁ።

«በሕይወት መኖርዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ ያምጡ፣ አባቴ።»

«ልጄ፣ ይኸው ፊትሽ ቆሜ የለም እንዴ?»

«መመሪያው ነው፣ አባቴ። እኔ ምን ላድርግ?»

ልጅቱ አልዋሸችም፤ ክፉም አልነበረችም። ተሰልፎ የነበረው ሰው ሳቀ፤ አዛውንቱ ግን ወረቀቶቻቸውን ወደ ፌስታላቸው መልሰው ጉዟቸውን ጀመሩ። ያችን አንዲት ቃል ለመመለስ ማስታወሻ ጽፌ፣ ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ማሻሻያው ተፈርሞ እስኪወጣ ድረስ ስምንት ወር ፈጀ። በእነዚያ ስምንት ወራት ስለ አረጋውያን መብት ብዙ ንግግር ሲደረግ ሰምቻለሁ፤ ያንን አንቀጽ ጠቅሶ የጻፈልን ሰው ግን አንድም አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ከእኔ ማስታወሻ ይልቅ የእርሱ ደብዳቤ ይሠራ ነበር፤ ከውጭ የመጣ አቤቱታ መልስ ይፈልጋል፣ የሠራተኛ ማስታወሻ ግን ከመሳቢያ ሊያድር ይችላል።

በቅርቡ ብዙ ያነጋገረውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ውሰዱ። ሲወጣ ተከራዩ «ተገላገልን» አለ፤ አከራዩ «ሊወርሱን ነው» ብሎ ደነገጠ። የአከራዩ ድንጋጤ የ1967ቱን አዋጅ ቁጥር 47 ላላየ ሰው የተጋነነ ሊመስለው ይችላል፤ ትርፍ ቤት የተባለ ሁሉ በአንድ ሐምሌ ከባለቤቱ እጅ የወጣበት አገር ነው፣ የዚያ ትዝታ ደግሞ በየቤቱ ይወረሳል። የኪራዩ አዋጅ ግን ቤት አይወርስም። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል ባሳወቀው መጠን ብቻ እንዲሆን ያዛል። እኔ የውሉን በጽሑፍ መሆንና የቅድሚያ ክፍያውን መገደብ ያለ አንዳች ቅሬታ እደግፋለሁ፤ የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ አምጣ የሚባል አዲስ ተቀጣሪ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁና። በጭማሪው ቁጥጥር ላይ ግን ጥርጣሬ አለኝ። አዲስ ቤት በብዛት ሳይሠራ ዋጋ ብቻ ሲገታ፣ ልዩነቱ በጓሮ በር መከፈሉ አይቀርም፤ ውሉ ላይ አንድ ቁጥር ይጻፋል፣ በእጅ ሌላ ይሰጣል። ልትቃወሙኝ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን የትኛውን ድንጋጌ እንደምደግፍና የትኛውን እንደምጠራጠር ስለነገርኋችሁ፣ ክርክራችን ቢያንስ የሚጨበጥ ነገር ይኖረዋል።

አንዳንዱ ፖሊሲ ደግሞ ምንም ሳይታወጅ ይሠራል። የደመወዝ ግብርን ተመልከቱ። በአዋጅ ቁጥር 286/1994 ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ እስከ 150 ብር ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ወደ 600 ብር ከፍ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደግሞ 2,000 ብር ሆነ። ከ2008 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት የብር የመግዛት አቅም እየወረደ ሲሄድ ጣሪያው ባለበት ቆመ፤ በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብሩ በዶላር ዘንድ የነበረውን ዋጋ ግማሽ ያህሉን በጥቂት ወራት አጣ። ለኑሮ ውድነት ማካካሻ ደመወዙ የተጨመረለት ሰው፣ የሚገዛው ጤፍ ሳይጨምር ከፍ ወዳለው የግብር እርከን ይገባል። ማንም ግብር ጨመርሁ ሳይል ግብር ጨመረ። በዝምታ የሚሠራ ፖሊሲ ከሚታወጀው ይልቅ ለክርክር ያስቸግራል፤ ስለዚህ ምን ተወሰነ ብቻ ሳይሆን ምን ሳይነካ ቆየ ብላችሁም ጠይቁ።

ስለ ቁጥሮችም እንዲሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል፤ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ የተገኘው የሕዝብ ብዛት ወደ 73.7 ሚሊዮን ነበር። ከዚያ ወዲህ የምትሰሙት የነፍስ ወከፍ ስሌት ሁሉ በግምት ላይ የቆመ ነውና፣ ቁጥር ሲወረወርባችሁ በምን ላይ እንደተካፈለ ሳትጠይቁ አትቀበሉ።

ቀጥሎ የምላችሁ ተገቢውን በር ስለማንኳኳት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንዲት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችል ነበር። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ሲሆን፣ ዝቅተኛው ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ሆነ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ ወገኖች ለዚያ ለውጥ ሲሟገቱ፣ አሮጌውን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ድንጋጌ ጋር አንቀጽ በአንቀጽ እያስተያዩ እንደነበር የሙያ ባልደረቦቼ ያውቃሉ። ይሁንና ያ አዋጅ በቀጥታ የሚሠራው ተጠሪነታቸው ለፌዴራሉ መንግሥት በሆኑት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነበር፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ነበረባቸው። ያንን ሳያውቅ በፌዴራሉ ሕግ ድል ያደረገ መስሎት ወደ ቤቱ የሄደ ሰው፣ የገጠሯን ልጅ እመንገድ ላይ ትቷት ሄዷል። ዛሬም ለከተማ አስተዳደር የሚቀርብ ጉዳይ ለፌዴራል ሚኒስቴር፣ የክልሉ የሆነው ለአዲስ አበባ እየተጻፈ ስንት ቁጣ በባዶ ሜዳ ይበተናል።

ስለ ፍርሃት ሳልናገር ባልፍ አታምኑኝም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብትን ይደነግጋል፤ አንቀጹ ወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻ ሰውን ከእንግልት እንደማያድን ግን በሦስት ሥርዓት የኖርሁ ሰው ነኝና አውቃለሁ። ጀግንነትን ከእናንተ የመጠየቅ መብት የለኝም። ካየሁት ልናገር ከተፈቀደልኝ፣ ስድብ የሚጽፍ ሰውን መክሰስ ቀላል ነው፤ የአዋጁን ቁጥር፣ የመመሪያውን አንቀጽና የደረሰውን በደል በቀን በቀኑ አድርጎ የሚጽፍን ሰው ግን ዝም ለማሰኘት ከመልስ የቀለለ መንገድ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ደግሞም የምትደግፉት ወገን ሲያጠፋ በዚያው ቁጥርና በዚያው አንቀጽ ጻፉ። እኔ በወጣትነቴ ይህን አላደረግሁም፤ የእኛ ወገን ያለውን ሁሉ ደገፍን፣ የእነዚያን ሁሉ ነቀፍን፤ የዚያ ዘመን ልጆች እርስ በርስ የተላለቁበትን ምክንያት ሳስብ ከሁሉ አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው።

በመጨረሻ ስለ አሠራሩ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አቅርቦ አስተያየት እንዲቀበል፣ ከወጣም በኋላ እንዲመዘገብና ማንም በሚያገኘው መንገድ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። እንግዲህ መስኮት ላይ «መመሪያው ነው» ስትባሉ፣ የመመሪያውን ቁጥር በትሕትና ጠይቁ። ካልተሰጣችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመረጃ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ አቅርቡ፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ ሊደርሳችሁ ይገባል፤ ካልደረሰ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። ደብዳቤያችሁን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ስትሰጡ በሁለተኛው ላይ ገቢ ቁጥሩንና ቀኑን አስጽፉ፣ ማኅተሙንም አስደርጉ፤ ጸሐፊዋ «ግዴለም፣ እኔ አስታውሳለሁ» ብትላችሁም ቀኑ ሳይጻፍ ከመስኮቱ አትራቁ።