ገምታችሁ አትዘኑ፣ ጠይቁ

ለሰሜን ሸዋ ወጣቶች፤ በተለይም ለትምህርት ወይም ለፋብሪካ ሥራ ደብረ ብርሃን ገብታችሁ ከማታውቁት ሰው ጋር ግድግዳ ለተጋራችሁ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከእነዋሪ፣ ከአረርቲ፣ ከሸዋ ሮቢት በየጊዜው መንገድ ለምትመላለሱ፤ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በጤና ሙያ ነው። በዚህ ሙያ ከመርፌና ከክኒን የሚቀድም አንድ ሥራ አለ፤ አይታችሁት የማታውቁት ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሆዱን እንዲነግራችሁ ማድረግ። ሲወለዱ የሚሰጥ ጸጋ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ግን የሚማሩት ሥራ ነው ባይ ነኝ፤ እንዴት እንደሚሠራም የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

«ራስህን በእሱ ቦታ አድርገህ እየው» ሲባል ሰምታችሁ ነው ያደጋችሁት። ምክሩ ከክፋት ይመልሳል፤ ሰውን ለማወቅ ግን ብዙም አይረዳም። ታል ኢያል፣ ሜሪ ስቴፈልና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች 25 ሙከራዎች አድርገው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። ራሳቸውን በሌላው ቦታ አድርገው እንዲያስቡ የተነገራቸው ሰዎች የዚያን ሰው ስሜትና ሐሳብ ከሌሎቹ አብልጠው አላወቁም፤ አንዳንዴ እንዲያውም እየተሳሳቱ በግምታቸው ይበልጥ ተማመኑ። ግምታቸው የቀናው ሰውየውን ራሱን ሲጠይቁት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በእሱ ቦታ ስቀመጥ የተቀመጥኩት እኔው ነኝ፣ የራሴን ፍርሃትና የራሴን ኑሮ ይዤ። ከቀዬው የተፈናቀለ አባት ስታዩ ዳቦ ይታያችኋል። ሲጠየቅ ግን የእሱ ጭንቀት የልጁን የትምህርት ማስረጃ ከየት እንደሚያወጣለት ሊሆን ይችላል። መናኸሪያ ላይ ጆንያ ይዘው የቆሙ እናት ስታዩ ሸክሙ ያሳዝናችኋል፤ እሳቸው የተቸገሩት የመኪናውን ታፔላ ማንበብ ስላልቻሉ ቢሆንስ? ሳትጠይቁ ጆንያውን ብድግ ብታደርጉ ደግሞ ሌባ መስላችኋል።

እንግዲህ አጠያየቁ ነው ነገሩ።

ከሰላምታ ጀምሩ፤ ሰላምታውን ግን አትቸኩሉበት። በእኛ አገር «እንደምን ዋሉ?» ሲባል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፣ ቤቱ ቢቃጠልም። ይህ ውሸት አይደለም፤ አንደኛው ጥያቄ የደጅ ጥያቄ ስለሆነ ነው። ሰላምታ ሦስት አራት ጊዜ የሚደጋገመው ለዚህ ይመስለኛል፤ «ደህና ነዎት? ቤት ደህና ነው? ልጆች? ዝናቡስ እንዴት አደረጋችሁ?» እያለ ሲሄድ እውነቱ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ላይ ብቅ ይላል፤ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ይልና «ምን እባክህ፣ እንዲያው መኖር ነው» ይላል። ከተማ ውስጥ ያደጉ ልጆች በመጀመሪያው «ደህና» ላይ ያቆማሉ፤ ከዚያ «ሰዉ ዝግ ነው» ይላሉ።

አጠራሩን አስተካክሉ። ከእናንተ በዕድሜ ለሚበልጥ የማታውቁት ሰው «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ነው፤ ገጠር «አንቱ» ይበልጥ ይቀርባል፣ ከተማ «እርስዎ»። አባባ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ እትዬ የሚሉት ዛሬም ይሠራሉ፤ ለቄስ «አባ»። እኩያን «ወንድሜ፣ እህቴ» ማለት ይበቃል። ጎልማሳዋን ሴት «እማማ» ብላችሁ አታስረጇት፤ «እትዬ» በሉ፣ ካልወደደችው ራሷ ታርማችኋለች። የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ከሆኑ «አካም ጅርቱ» የምትለዋን ብቻ ብታውቁ እንኳ የሰውየው ትከሻ ሲላላ ታያላችሁ፤ ቀሪው በአማርኛ ይቀጥላል።

አሁን ዋናው ላይ ደርሰናል፤ የጥያቄ ቅደም ተከተል።

«አገርህ የት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ይህ ጥያቄ ድሮ የዘመድ ፍለጋ ነበር፤ መንዝ ነኝ ካለ ጌራ ነህ ማማ፣ ላሎ ነህ ቀያ ገብርኤል እየተባባሉ ይወረድና አንድ የጋራ ሰው ይገኛል። አያቶቻችን በዚህ መንገድ ብዙ ባዳ ዘመድ አድርገዋል። ዛሬ ግን ያው ጥያቄ በብዙ ሰው ጆሮ የኬላ ጥያቄ ሆኗል፤ ወገንህን ንገረኝ፣ ከዚያ ላስብበት የሚል ይመስላል። «ወዴት ነህ?» እና «ስምህ ማን ነው?» እንኳ በተጨነቀ ጊዜ እንደዚያው ናቸው። እነዚህን ሦስቱን ለመጨረሻ አቆዩአቸው፤ ከጠየቃችሁም የራሳችሁን አስቀድሙ፤ «እኔ ዘነበ እባላለሁ፣ ሰላ ድንጋይ ነኝ» ብላችሁ ዝም በሉ። ከፈለገ ይመልሳል፣ ካልፈለገ አልተገደደም።

በምትኩ ሁለታችሁም ፊት ካለው ነገር ተነሡ። የተሳፈራችሁበት መኪና መነሻና የወቅቱ ሥራ ብዙ ይነግራችኋል። በጥቅምትና በኅዳር ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ገበሬ ጋር ከተቀመጣችሁ «ዘንድሮ ውርጭ ባቄላውን አልመታባችሁም?» በሉ። ከመንዝ ደጋ በመጋቢት ለመጣ ሰው የበልጉ ዝናብ ነገር ከእንጀራው ጋር የተያያዘ ነው። የሸዋ ሮቢቱ ስለ ሽንኩርትና ስለ ማሾ ዋጋ ያውቃል፤ የጅሩው ውሃ የሚያቁረውን መረሬ አፈር እንዴት እንደሚያንጣፍፉ ሊያስረዳችሁ ይችላል፤ ማስረዳት ደግሞ ሰውን ደስ ያሰኛል። በግ ይዞ የሚሄድን ሰው ስለ በጉ ጠይቁ። ጥያቄው እሱ የሚያውቀውን፣ እናንተ የማታውቁትን ይሁን፤ የምታውቁትን እንደማታውቁ ሆናችሁ ከጠየቃችሁ ገበሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነቃባችኋል።

ሁለት ጥንቃቄ እዚህ ላይ። የከብት ቁጥር አትጠይቁ። «ስንት በሬ አለዎት?» የሚል ሰው ወይ ግብር ሊጭን ነው፣ ወይ ዓይኑ ክፉ ነው ተብሎ ይታሰባል። «ከብቱ ደህና ነው?» በቂ ነው። ሕፃን ስታዩም «እንዴት ያምራል!» ብላችሁ አታቁሙ፤ «እግዜር ያሳድግልዎ» ወይም እንደ እምነቱ «ማሻአላህ» ተከትሎ ይምጣ፤ አለዚያ እናቲቱ ነጠላዋን በልጁ ላይ ጣል አድርጋ ፊቷን ታዞራለች፣ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል።

ሰውየው አንዴ ከጀመረ በኋላ ግማሹ ሥራ ዝም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ በወጣ አንድ ጥናት ሐኪሞች ታካሚው ሕመሙን መናገር ከጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ያቋርጡት እንደነበር ተገኝቷል። እነዚህ ለመስማት የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው፤ እኛ በታክሲ ውስጥ ምን ያህል እንደምንታገሥ አስቡት። ሲናገር ቆይቶ ዝም ሲል ወዲያው አትግቡ፤ በሆዳችሁ ሦስት ጊዜ ረጋ ብላችሁ ተንፍሱ። ሽማግሌ ሲሆን አራት። ብዙ ሰው ትልቁን ነገር የሚናገረው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው፤ የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ሰሚውን መፈተኛ ነበርና።

ከዝምታው በኋላ የምትጠይቁት ደግሞ እሱ ከተናገረው ውስጥ የወጣ ይሁን። «ልጄን ይዤ ሆስፒታል ከርሜ» ካለ ቀጣዩ ጥያቄ «ከርሜ አሉ፣ ብዙ ቆያችሁ?» ነው እንጂ «ሥራዎ ምንድን ነው?» አይደለም። የእሱን ቃል መልሶ መጠቀም መስማታችሁን ያሳያል፤ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም። ከዚህ ሌላ ስትጠይቁ «ለምን» የምትለዋን ቀንሱ። «ለምን ወደ ሕክምና ሳትመጣ ቆየህ?» ወቀሳ ነው፤ «ምን አዘገየህ?» ብትሉት ስለ መንገዱና ስለ ገንዘቡ ያወራችኋል።

ጨዋታ የሚሞትባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ ሦስቱም በደግ ልብ የሚደረጉ ናቸው። የመጀመሪያው «እኔም እኮ እንዲሁ ሆኜ…» ነው። የእናቱን ሞት ሲነግራችሁ የአያታችሁን ሞት አምጥታችሁ ከደረባችሁበት አሁን ሐዘንተኛው እናንተ ናችሁ፣ አጽናኙ እሱ። የራሳችሁን መንገር ክልክል አይደለም፤ የእሱ እስኪያልቅ ይቆይ፣ አጭርም ይሁን። ሁለተኛው የቸኮለ «አይዞህ» ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም፤ አይዞህ የሚለው ቃል ከወርቅ የከበደ ነውና። ክብደቱ ግን በጊዜው ነው። ታሪኩ ሳይጋመስ «አይዞህ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» ስትሉ ሰውየው የሚሰማው «በቃ፣ ከበደኝ» የሚለውን ነው፤ አመስግኖ ዝም ይላል። ጨርሶ ካወራ በኋላ የተባለ አይዞህ ግን ቤቱ ድረስ አብሮት ይገባል። ሦስተኛው የማትፈጽሙት ተስፋ ነው። «እደውልልዎታለሁ፣ አንድ የማውቀው ሰው አለ» ብላችሁ ጠፍታችሁ እንደሆነ፣ ያ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ወጣት አያምንም። የምትችሉትን ብቻ፣ እሱንም ቀን ቆርጣችሁ ተናገሩ፤ ወይም «በዚህ ልረዳዎት አልችልም፣ ግን ሰምቻለሁ» በሉ።

መኪና ውስጥ ያለው ጨዋታ የተለየ ነገር አለው፤ ማንም መነሣት አይችልም። ስለዚህ ወሬ የማይፈልገውን ሰው መለየት ግዴታ ነው። ሁለት ጥያቄ በአንድ ቃል ከመለሰ፣ ፊቱን ወደ መስኮት ካዞረ ወይም ነጠላውን ወደ ዓይኑ ከሳበ ተዉት፤ ድካም ነው፣ ሐዘን ነው፣ ወይም መብቱ ነው። በተቃራኒው ደግሞ «ባወራው ይሰለቸኛል» ብላችሁ ስልካችሁ ላይ እንዳትቀሩ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙትን ልንገራችሁ። ቺካጎ አካባቢ ባቡር ከሚሳፈሩ ሰዎች ከፊሉን ከማያውቁት ተሳፋሪ ጋር እንዲያወሩ፣ ከፊሉን ብቻቸውን ዝም ብለው እንዲቀመጡ አደረጉ። ሰዎቹ አስቀድመው ሲጠየቁ ዝም ማለት ይሻላል የሚል ግምት ነበራቸው፤ በኋላ ግን መንገዱ ደስ ብሎን ነበር ያሉት ያወሩት ናቸው። ቺካጎና ጣርማበር አንድ አይደሉም፤ የእኛ መኪና ውስጥ ዝምታው ራሱ ያስቸግራል። ፍርሃቱ ግን ያው ነው።

ደብረ ሲና ላይ መኪናው ሲቆም ቆሎ ግዙ። ቆሎ የጾመኛውንም የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም እጅ አያሳፍርም፤ ሥጋና ወተት ግን እምነትና ረቡዕ ዓርብ ይጠይቃሉ። ጎረቤታችሁን «እንካ» አትበሉ፤ መዳፋችሁ ላይ ወይም ወረቀቱ ላይ አድርጋችሁ በመሐላችሁ ያዙት፣ ራሱ ይዝገን። እምቢ ካለ አንድ ጊዜ ብቻ «በሞቴ» ይፈቀዳል፤ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የሚጾም ወይም ረመዳን የያዘ ሊሆን ይችላልና ሁለተኛው ማስጨነቅ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ራሱ ያግዛችኋል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ገደማ፤ በአንድ ጉዞ ከውርጭ ወደ ሙቀት ትወርዳላችሁ፣ ሰዉም ጋቢውን እያወለቀ ስለ ሙቀቱ ማማረር ሲጀምር ያልተዋወቀ ሁሉ ይተዋወቃል።

ለወንዶች ልጆች አንድ ነገር። ብቻዋን የምትጓዝ ወጣት ሴት ከማያውቃት ወንድ የሚመጣላትን ጥያቄ ሁሉ በጥርጣሬ ብትሰማ ትክክል ናት። ከሰላምታ አልፋችሁ ስልክ፣ ማደሪያ፣ «ብቻሽን ነሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሴቶች ልጆች ደግሞ በጨዋነት ስም መልስ መስጠት ግዴታ አይደለም፤ «ሰው እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ቦታ መቀየር ይቻላል። ለሁላችሁም፤ ከሰው ጋር ለመግባባት ብላችሁ አረቄ ቤት አትግቡ። እዚያ የሚነገረው ብዙ ነው፣ በማግስቱ ተናጋሪው የሚያፍርበትም ብዙ ነው፤ የሚያፍርበትን የሰማውን ሰው ደግሞ ይሸሸዋል። ጀበና ቡና ወይም ወፍጮ ቤት ተራ ጥበቃ ይሻላል።

በፖለቲካ ወይም በሃይማኖት ከእናንተ የሚለይ ሰው ቢገጥማችሁስ? ለማሸነፍ ከሆነ አትጀምሩ። ለመረዳት ከሆነ ስለ አቋሙ ሳይሆን ስለደረሰበት ነገር ጠይቁ፤ «ይህን ማሰብ የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?» የምትል ጥያቄ ከመፈክር ወደ ሕይወት ታወርዳለች። ድምፅ ከፍ ካለ ወይም ሌላ ሰው ጆሮውን ካቀና ወደ ዝናቡ ተመለሱ።

አሁን መለያየቱን። ሕክምና ክፍል ውስጥ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ተነሥቶ በር ላይ ሲደርስ ነው፤ «እንዲያው አንድ ነገር…» ይላል። ስለዚህ መኪናው ሊቆም ሲል ወይም ተራው ሊደርስ ሲል አትቸኩሉ፤ ከመውረጃችሁ አምስት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ «እኔ እዚህ ጋ ወራጅ ነኝ» በሉ፣ በሩን ክፈቱለት። የነገራችሁን ለሌላ አታውሩ፣ ስሙን ቀይራችሁም ቢሆን፤ ሰሜን ሸዋ ትንሽ ናት፣ ሰውም በበሬው ቀለም ይታወቃል። ስትለያዩ «ስላወሩኝ ደስ ብሎኛል» ብቻ ከምትሉ ከነገራችሁ አንዱን አንሡ፤ «ልጁን እግዜር ይማረው፣ ሽንኩርቱም ዋጋ ያውጣልዎ» በሉ። ማታ ያን አንዱን ነገር በስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ሰውየውን ከወር በኋላ ገበያ ላይ ካገኛችሁት ስሙን ብትረሱት ግድ የለም፣ «ልጁ ተሻለው?» ብላችሁ ጀምሩ።