የእናትሽ የዐይን ቆብ እብጠትና የጡት ምርመራው

እኅቴ፣ በእናትሽ የታችኛው የዐይን ቆብ ላይ የነበረው እብጠት ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ መምጣቱን፣ የፓቶሎጂው (የናሙና ምርመራው) ውጤትም «ሙሲነስ ካርሲኖማ፣ የኢስትሮጅን ተቀባይ ፖዘቲቭ» ማለቱን ጽፈሻል። «ጡታቸው ይታይ የተባለው የጡት ካንሰር ሆኖ ነው?» ላልሽው፣ አክስቴን ሳስታምም ያወቅሁትን ልንገርሽ።

ምርመራው መታዘዙ ጡታቸው ታሟል ማለት አይደለም። ከዐይን ቆብ የላብ ዕጢ የሚነሣው፣ ሙሲነስ ካርሲኖማ የተባለው ይህ ካንሰር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከጡት ከሚመጣው ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በሁለቱም ሴሎቹ ሙሲን በሚባል ዝልግልግ ነገር ውስጥ ተንሳፍፈው ይታያሉ፤ የኢስትሮጅን ተቀባይም፣ ማለትም ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የሚያያዝበት የሴል ፕሮቲን፣ በሁለቱም ይገኛል። ስለዚህ ያስደነገጠሽ «ፖዘቲቭ» ብቻውን ምንጩን አይለይም። ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) የሚታዘዘው፣ አንዳንዴም የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን የሚጨመረው ለዚህ ነው። የአክስቴ ጡት ምንም አልተገኘበትም።

የአክስቴ የዐይን ቆብ እብጠት አተር የሚያህል፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ሕመም የሌለው ነበር። በላዩ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታዩ ነበር፤ እዚያው ላይ የነበረው ሽፋሽፍትም ረግፏል። እንዲህ ያለውን እንደ ተራ ብጉንጅ ጠርጎ፣ የወጣውን ወደ ፓቶሎጂ ሳይልኩ መጣል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ተመልሶ ለሚመጣ እብጠት ደግሞ ይብሳል። የእናትሽ የመጀመሪያው ናሙና ተልኮ እንደሆነ ጠይቂ።

ወደ ሌላ ሐኪም ስትሄዱ ወረቀቱን ብቻ አትያዙ፤ በሰም የተቀበረውን ናሙናና ስላይዶቹን ተቀበሉ። የሴሎቹን ዓይነት የሚለየው ተጨማሪ የቀለም ምርመራ የሚሠራው ከዚያ ነው። ከእነዚህ አንዱ በሆነው በፒ63 የሚቀለሙ ሴሎች ካንሰሩን በዳር ከበውት ከታዩ ከቆዳው መነሣቱን ያስረዳሉ፤ አለመታየታቸው ግን ከሌላ ቦታ መጥቷል አያሰኝም። ሲናፕቶፊዚንና ክሮሞግራኒን የተባሉት የቀለም ምርመራዎችም ይሠሩ እንደሆነ ጠይቂ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸ፣ በአብዛኛው አረጋውያን ሴቶችን የሚይዝ፣ የዚህ ካንሰር የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ የላብ ዕጢ ካንሰር የሚለየው በእነርሱ ነው።

ከቆዳው የተነሣ ከሆነ አዝጋሚ ነው፤ ወደ ሩቅ አካል ከመሰራጨት ይልቅ እዚያው መመለስ ይቀናዋል። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ተቆርጦ የሚወጣው ሥጋ ጠርዝ በማይክሮስኮፕ እየታየ ቢሠራ ይመረጣል፤ በውጤቱም ላይ ጠርዙ ከካንሰር ነጻ ስለመሆኑ መጻፉን ተመልከቺ። ከዚያ በኋላ ክትትሉ ለዓመታት ነው፤ በየቀጠሮው ሐኪሙ ዐይናቸውን ብቻ ሳይሆን ከጆሮ ፊትና ከመንጋጋ ሥር ያሉትን ንፍፊቶችም በእጁ እንዲዳስስ ጠይቂ።