ውሻው ከልጄ ጋር ትምህርት ቤት መግባት ይችላል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጅማ ነው። የ9 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ ሳይታሰብ እጄን አምልጦ ወደ አስፋልት ይሮጣል። አብሮት እየሄደ እንዲያስቆመው ወንድሜ የሚያሠለጥንልን የ5 ወር ቡችላ አለን። ርዕሰ መምህሩ ግን «ውሻ ግቢያችን አይገባም» አሉኝ። የባጃጅ ሾፌሮችም ከውሻው ጋር አንጭንም ይላሉ። ሕጉ ምን ይላል? ቢነክስስ ማን ይጠየቃል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ርዕሰ መምህሩም ሳይፈሩ የማይቀሩት እሱን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 መሠረት እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። «ገመዱን በጥሶ ነው»፣ «ነክሶ አያውቅም» ማለት አያድንም፤ ጥፋት ባይኖርብዎትም ይከፍላሉ። ውሻው ወንድምዎ ዘንድ ሆኖ ሰው ቢነክስ፣ ተረክቦ የያዘው እሱ ነውና እሱም ሊከሰስ ይችላል። ስለዚህ ቡችላው የማን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ በማን እጅ እንዳለ ጽፋችሁ በምስክር ፊት ፈርሙ። ወንድሜ ነው ብለው አይለፉት፤ ፍርድ ቤት ደጅ የሚያስጠናን አብዛኛውን ጊዜ ከዘመድ ጋር ሳይጻፍ የቀረ ነገር ነው።

በእርግጥ ሕጉ ቀዳዳ ትቷል። የለማዳ እንስሳ ባለቤት፣ ጉዳቱ በራሱ ጥፋት ካልደረሰ በቀር፣ እንስሳውን ለተበዳዩ አስረክቦ ነጻ መውጣት ይችላል። ለበሬ ይሆን ይሆናል። ልጅዎ የለመደውን ውሻ ግን እንዴት አድርገው ያስረክባሉ?

ወደ ትምህርት ቤቱ ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 24 ትምህርት ቤት ለተማሪው ችግር ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዛል፤ ይህን መከልከልም አድልዎ ነው ይላል። «ውሻ» ብሎ ስም አይጠራም። ሆኖም አንቀጽ 20 ለመንቀሳቀስ ስለሚያግዙ ረዳቶች ስለሚናገር፣ የሠለጠነ ውሻም በዚህ ይሸፈናል ብሎ መከራከር ይቻላል።

«የሠለጠነ» ማለቴን ልብ ይበሉ። በዚህ ሥራ የቆዩ አገሮች ቡችላውን እስከ 12 ወይም 18 ወሩ ድረስ ቤተሰብ ውስጥ አሳድገው፣ ከጫጫታና ከሕዝብ ጋር አላምደው ነው ወደ ዋናው ሥልጠና የሚያስገቡት። በ5 ወሩ ክፍል ይግባ ቢሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ከርዕሰ መምህሩ ጋር ነኝ።

እስከዚያው ማስረጃ ያሰባስቡ፦ የልጁን የሐኪም ማስረጃና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ። ውሻው ሥልጠናውን ሲጨርስ ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ ያጽፉ። «መብቴ ነው» ብቻ ብለው አያብቁ፤ ውሻው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያጸዳለት፣ ከሌሎች ልጆች በምን ያህል ርቀት እንደሚታሰር ይግለጹ። ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች የውሻ ምራቅ ልብስ እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ፤ ይህንም አስቀድመው ቢያስቡበት ግማሹ ክርክር ያልቃል። መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ወደ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎም ጅማ ወዳለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት ይሂዱ፤ አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ የለም።

ባጃጅን በተመለከተ ክስ ውስጥ አይግቡ፤ ውሻ የማይፈራ አንድ ሾፌር ፈልገው በወር ኮንትራት ይያዙ።